“ሃው አር ዩ” ስንት ገባ?

አቃቂ ሽንኩርት ሲወደድ ታውቃለች፤ ዘይት ሲወደድ ታውቃለች፤ የቤት ኪራይ ሲወደድማ ከአከራዩ ቀድማ ታውቃለች። “ሃው አር ዩ” መቼ እንደተወደደ ግን የነገራት የለም። ድንገት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ፣ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከማያውቀው ሰው ጋር በዶላር ሰላምታ ሲለዋወጥ ተገኘ። እናቶች መጀመሪያ የጠረጠሩት ፍቅር ነው። ፍቅር ቢሆን ይሻል ነበር፤ ፍቅር ቢያንስ በብር ይከፈላል።

ነገሩ የተብላላው ከድልድዩ ወዲህ ባለች አንዲት ጀበና ቡና ነው። ታዳሚዎቹን አንባቢ ይወቅልኝ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ። ቤት፣ መኪናና ትዳር የሚያገናኝ ደላላ አለ። ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር አለ። በሒሳብ አያያዝ ተመርቃ፣ እቤቷ ቁጭ ብላ ለውጭ ድርጅት መሥራት የምትፈልግ ልጅ አለች። ቡናውን የምትቀዳው ባለ ጀበናዋ አለች፤ የሁሉንም ዱቤ ስለያዘች የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው።

ጉጉቱና ልቡ

የልጅቷ ስልክ ጮኸ። አረንጓዴ ጉጉት ብቅ ብሎ ዛሬ እንዳልተማረች አስታወሳት።

“ይኼ ወፍ ከእናትሽ በላይ ይቆጣጠርሻል” አለ ደላላው።

“እናቴም በነፃ ነው የምትቆጣጠረኝ፣ እሱም በነፃ ነው።”

“በነፃ ከሆነ ለአስተማሪው ማን ይከፍለዋል?”

“ማስታወቂያው።”

ጉጉቱ ዱኦሊንጎ ነው። በነፃ ትገባለህ፤ በየመሀሉ ማስታወቂያ ታያለህ። ለዓመታት የሚታወቅበት ደንብም ይኼ ነበር፦ 5 ልብ ይሰጥሃል፤ በተሳሳትክ ቁጥር አንድ ይወስድብሃል፤ ልብህ ሲያልቅ ወይ ትጠብቃለህ ወይ ትከፍላለህ።

“ለዚህ ሰውዬ 5 ልብ?” አለ ሹፌሩ፣ በአገጩ ወደ ደላላው እያመለከተ። “አንዱም አልተገኘበት!”

“ልብ ያለህማ አንተ ነህ፤ በየኬላው ድው ድው የሚለው የማን ሆነና?”

ጉጉቱ ላይ ግን ከልብ ቆጠራው የባሰ ነገር አለ። ለአረቡ በአረብኛ፣ ለህንዱ በሂንዲ፣ ለቱርኩ በቱርክኛ ተነስቶ እንግሊዝኛ ያስተምራል። ከአማርኛ ተነስቶ የሚያስተምርበት ክፍል የለውም። ስለዚህ የአቃቂ ልጅ እንግሊዝኛ ለመማር አስቀድሞ እንግሊዝኛ መቻል አለበት።

“የወረዳ አሠራር ነዋ!” አለች ባለ ጀበናዋ። “መታወቂያ ላውጣ ስትዪ መታወቂያ አምጪ ይሉሻል።”

ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው የልጅቷን ጣት ሲከታተሉ ቆዩና፣ “ልጄ፣ ወፉ ይጠይቃል፣ አንቺ ትነኪያለሽ። ጎበዝ ይልሻል፣ ደግሞ ትነኪያለሽ። አፍሽ የት ሄደ? እንግሊዝኛ በአውራ ጣት መነገር የጀመረው መቼ ነው?” አሉ።

ሬዲዮና ፕላዝማ

“እርስዎስ ጋሼ፣ በምን ተማሩ?”

“በሬዲዮ። የአሜሪካ ድምፅ ቀስ ብሎ የሚናገርበት ዝግጅት ነበረው።”

እውነታቸውን ነው። ያ ዝግጅት በ1959 እ.ኤ.አ. የተጀመረው “ስፔሻል ኢንግሊሽ” ነው። 1,500 ገደማ ቃላት ብቻ መርጦ፣ ዓረፍተ ነገሩን አሳጥሮ፣ ረጋ ብሎ ያነብ ነበር። ዋጋው የባትሪ ድንጋይ ነበር። ዛሬ ደግሞ ቢቢሲ እንግሊዝኛ የሚያስተምርበት ገጽ፣ የስድስት ደቂቃ ጭውውቱ ጭምር፣ የኢንተርኔቱን ሒሳብ ለቻለ ሁሉ በነፃ ክፍት ነው።

“ታዲያ ይኼን ያህል ዓመት ሰምተው ለምን አይናገሩም?”

“ሬዲዮው መች ተራ ሰጠኝ! እሱ ሲያወራ እኔ ዝም፤ እኔ ሳወራ እሱ አይሰማኝ።”

“የአፍ ትምህርት ካነሳን” አለ ሹፌሩ፣ “እኛን በፕላዝማ የተማርነውን ጠይቁን።”

በ1997 ዓ.ም. ገደማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በሳተላይት መሰጠት ሲጀምር ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ የመጣ ነበር። አስተማሪው ከመስታወቱ ውስጥ ጥያቄ ያቀርባል፤ ክፍሉ እስክሪብቶ ፍለጋ ላይ እያለ “ዌል ደን!” ብሎ ወደሚቀጥለው ይሻገራል።

“በዚያ ዘመን” አለ ሹፌሩ፣ “ዌል ደን ያልተባለ የአቃቂ ልጅ የለም። ያለፈ ነው የጠፋው።”

“የኛ ጉጉትም ያው ነው” አለች ልጅቷ። “ፕላዝማው ላባ አብቅሎ ነው የተመለሰው።”

ጋሼ ተሸንፈው አያውቁምና ሌላ መዝገብ ገለጡ። የአቃቂው ፋብሪካ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ማብቂያ ላይ በህንዱ የቢርላ ኩባንያና በኢትዮጵያ ሽርክና የተተከለ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በየትምህርት ቤቱ ገቡ።

“እኔ እንግሊዝኛ ስማር መክፈል ቀርቶ ይከፈለኝ ነበር። ቀን ከህንዱ ፎርማን፣ ማታ ከሰላም ጓዱ።”

“ስንት ቃል ያዙ ታዲያ?”

“‘ሃሪ አፕ’ እና ‘ቲ ብሬክ’። አንዱ ሲያደክመኝ ሌላው ሲያሳርፈኝ ጡረታ ወጣሁ።”

ደላላው ሥራ አገኘ

ልጅቷ ቀጥላ ፕሬፕሊን አወጣች። ሰው ከሰው ጋር የሚነጋገርበት ነው። አስተማሪው ዋጋውን ራሱ ይቆርጣል፤ በሰዓት ከ5 ዶላር በታች የሚጠይቅም፣ ከ30 ዶላር በላይ የሚጠይቅም እዚያው ጎን ለጎን ተሰልፏል። አይቶኪም በዚሁ መንገድ ይሠራል።

“መሀል ላይ ያለው ማን ነው?” አለ ደላላው፣ ሙያው ሸትቶት።

“ኩባንያው።”

“ስንት ይይዛል?”

“የመጀመሪያዋን የሙከራ ትምህርት ሙሉ በሙሉ። ከዚያ በኋላ ከአስተማሪው ገቢ ከመቶ 33 ይቆርጣል፤ ብዙ ሰዓት ላስተማረ እየቀነሰ እስከ 18 ይወርዳል።”

ደላላው ከመቀመጫው ተነሳ። “ስሙልኝ! እኔ ከመቶ ሁለት ስጠይቅ ቀማኛ ተባልኩ! እሱ ከመቶ መቶ ሲወስድ ፕላትፎርም ተባለ!”

“ልዩነት አላችሁ” አለች ልጅቷ። “የሙከራው አስተማሪ ካልተስማማኝ እሱ ሌላ ይተካልኛል። አንተ ያከራየኸው ቤት ሲያፈስ ስልክህን ትዘጋለህ።”

“ያ ቤት አላፈሰም፤ ዝናቡ ነው የበዛው።”

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ለስሌት እንዲመች ዶላሩን 150 ብር እናድርገው። 5 ዶላር የሚጠይቅ አስተማሪ በሰዓት 750 ብር መሆኑ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ቢሆን፣ በአራት ሳምንት 20 ዶላር፤ 3,000 ብር። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 6,000 ብር ነው። ግማሹ ደመወዝ ለ“ሃው አር ዩ”፣ ግማሹ ለ“አይ አም ፋይን” ይሄዳል ማለት ነው። “ፋይን” የሚያሰኝ ነገር ግን አይተርፍም።

ዶላር በገበያ ይወሰን ከተባለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንዱ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ያኔ ይኸው 20 ዶላር 1,140 ብር ነበር።

“እንግሊዝኛው አልተወደደም” አለ ሹፌሩ፤ “ብራችን ነው የረከሰው።”

“የሰው አገር ቋንቋ በሰው አገር ገንዘብ!” አሉ ጋሼ። “የቀረን የሰው አገር አፍ መከራየት ነው።”

ብሩ ቢገኝ እንኳ አያልቅም። ክፍያው ዶላር የሚያውቅ ካርድ ይፈልጋል። “ሰባት ቀን በነፃ ሞክሩ” የሚሉትም ብዙዎቹ አስቀድመው ካርድ ይጠይቃሉ። ካርድ የሌለው ሰው በነፃ የተሰጠውን እንኳ በነፃ መሞከር አይችልም። ካርድ ያለው ደግሞ መሰረዙን ረስቶ በስምንተኛው ቀን ከኪሱ ላይ የተወሰደውን ያያል። የቀረው መንገድ ወይ በቴሌግራም የራሱን ትርፍ ጨምሮ የሚከፍልልህ ነጋዴ፣ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ነው።

“ዋሽንግተን ላለችው እህቴ ክፈይልኝ ብዬ ጻፍኩላት” አለች ልጅቷ።

“ምን አለችሽ?”

“‘ለእንግሊዝኛ ነው ወይስ ለጥፍር?’”

“አየሽ” አለ ደላላው ተመልሶ እየተቀመጠ፣ “ያለ ደላላ እንግሊዝም አትገቢ፣ እንግሊዝኛም አይገባሽ።”

በደቂቃ የሚቆጠረው

ካምብሊ የሚባለው ደግሞ ደቂቃ ነው የሚሸጠው። በቀን ይኼን ያህል ደቂቃ፣ በሳምንት ይኼን ያህል ቀን ብለህ ትመዘገባለህ፤ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታ ሰው ፊት ለፊትህ ይቀርባል። ለአስተማሪው ለዓመታት ሲከፈለው የኖረው በደቂቃ 17 የአሜሪካ ሳንቲም ነው። በኛ ስሌት 25 ብር ከ50።

“በደቂቃ?” አለ ሹፌሩ። “‘እእእ…’ ስትል 25 ብር! ‘አይ ሚን…’ ስትል 25 ብር! እኔ እኮ እስካስታውስ ድረስ መኪናዬ ይሸጣል።”

“የኛ ሰውማ ከሰረ” አሉ ጋሼ። “ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበትክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ዝናቡስ ደህና ብሎ እስኪጨርስ ደመወዙ አለቀ። ወሬው ገና አልተጀመረም!”

“ያው ነው ጋሼ” አለች ባለ ጀበናዋ፤ “እዚህም አንድ ስኒ ይዛችሁ ሦስት ሰዓት ትቀመጣላችሁ። በደቂቃ ባስከፍላችሁ ዛሬ ቦሌ ነበርኩ።”

የማይስቀው አስተማሪ

በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ብቅ ያለው ቻትጂፒቲ የመጀመሪያዎቹን ወራት በጽሑፍ ብቻ ነበር የሚያወራው። አሁን በድምፅ ያነጋግራል። ነፃው በቀን ገደብ አለው፤ የሚከፈልበት “ፕላስ” የሚሉት በወር 20 ዶላር ነው፤ ያችው 3,000 ብር።

“አይሰለችም” አለች ልጅቷ፤ “ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ብቀሰቅሰው ‘ምነው በደህና?’ አይለኝም። ብሳሳት አይስቅም።”

“አይስቅም?” አሉ ጋሼ። “እንግዲያው አቃቂ ኖሮ አያውቅም።”

“አንድ ችግር አለበት ግን። ‘አይ ጎ የስተርዴይ ማርኬት’ ብዬው ምን እንደገዛሁ ጠይቆኝ ወሬውን ቀጠለ። ገብቶታል፤ አላረመኝም።”

“እኔም ቃሊቲ ከቻይና ጋር ስሠራ እንደዚያው ነበር” አለ ሹፌሩ። “እሱ የኔን እንግሊዝኛ ይሰማል፣ እኔ የሱን እሰማለሁ። የማይሰማን እንግሊዙ ብቻ ነው።”

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ማሽኑ የታዘዘውን ነው የሚሠራው። ገና ሲጀመር “ስህተቴን ሁሉ አርም፤ አንተ አጭር ተናገር፤ እኔን ብዙ አናግረኝ፤ የሥራ ቃለ መጠይቅ እንደሚያደርግ አለቃ ሁን” ከተባለ ይታዘዛል። ዝም ከተባለ ግን እንግዳ ተቀባይ ይሆንብሃል፤ ያልከውን ሁሉ ያደንቃል።

“ያልኩትን ሁሉ የሚያደንቅ?” አለ ደላላው። “እሱን በ3,000 ብር አይደለም፣ በጥሎሽ ነው የምወስደው።”

ርካሹ ሲወደድ

“እኔ ልገላግላችሁ” አለ ደላላው። “አንድ የማውቀው ልጅ በዙም ያስተምራል። በወር 1,000 ብር። ዶላር የለ፣ ካርድ የለ፤ በቴሌብር ታስገቢያለሽ። ከሁሉም የረከሰ!”

ልጅቷ ስልኳን ገልብጣ የሒሳብ ማሽኑን ከፈተች። ዲግሪዋ ሥራ ያገኘው ያን ጊዜ ነው።

“ስንት ሰው ነው የሚማረው?”

“ሃያ ይሆናል።”

“በሳምንት ስንት ቀን?”

“ሦስት። አንድ አንድ ሰዓት።”

“እሺ። በወር 12 ሰዓት፤ 720 ደቂቃ። አስተማሪው ግማሹን ይናገር፤ 360 ቀረ። ለ20 ሰው ሲካፈል ለኔ የሚደርሰኝ በወር 18 ደቂቃ ነው። 1,000 ብር ለ18 ደቂቃ፤ አፌን የምከፍትበት አንድ ደቂቃ ከ55 ብር በላይ ነው። የ5 ዶላሩ አስተማሪ በወር 4 ሰዓት፤ 240 ደቂቃ። ግማሹን እኔ ብናገር 120። 3,000 ለ120 ሲካፈል 25 ብር። ርካሹ ያልከው ከውዱ በእጥፍ ተወደደ።”

“ያ የዙሙ ልጅ ግን ጎበዝ ነው…”

“ጎበዝ ስለሆነ ነው የሚወደደው፤ ጎበዝ አስተማሪ ግማሹን ተናግሮ አይጠግብም።”

በዚያው ስሌት ቻትጂፒቲ ፕላስን በቀን 20 ደቂቃ የሚያናግር ሰው በወር 600 ደቂቃ አለው። ግማሹን ራሱ ቢናገር 300፤ በደቂቃ 10 ብር። በነፃው ገደብ ከተብቃቃ ምንም። ከፍሎ የማይከፍተው ሰው ዋጋ ግን በሒሳብ ማሽን አይወጣም፤ 3,000 ለዜሮ ሲካፈል ማሽኑ “ስህተት” ይላል። ማሽኑ ልክ ነው።

ሌላም የሚቆጠር አለ፤ የዳታው። ቪዲዮ ያለው የአንድ ሰዓት ጥሪ ከግማሽ ጊጋ በላይ ይበላል። ድምፅ ብቻ ከሆነ መቶ ሜጋ አይሞላም። ካሜራውን መዝጋት ብቻ ዳታውን ከአምስት እጥፍ በላይ ያቆያል።

“ካሜራው ለምን ይከፈታል ታዲያ?” አሉ ጋሼ።

“አስተማሪው አፌን እንዲያይ።”

“ሊፕስቲክሽን እንዲያይ በይ” አለች ባለ ጀበናዋ፤ “‘ቲ’ እና ‘ዲ’ በጆሮም ይለያሉ።”

ዙም በነፃው መስመር ስብሰባውን በ40 ደቂቃ ይቆርጣል። ጉግል ሚት ሁለት ሰው ብቻ ከሆነ እስከ 24 ሰዓት ይለቃል። ቴሌግራም በቡድን በድምፅ ማውራትን ከታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ሰጥቷል። የዙሙ ልጅ በየ40 ደቂቃው እየተቆረጠበት 20 ተማሪ ሲያጣድፍ፣ ሁለት ጓደኛሞች ከሳሪስና ከቱሉ ዲምቱ ሆነው እስኪነጋ ቢያወሩ የሚከለክላቸው የለም። የሚከለክላቸው ወሬ ማጣት ነው፤ እሱ ደግሞ አቃቂ ውስጥ አይታወቅም።

ሃይ ግራንድፓ

“የልጅ ልጄ ዋሽንግተን አጠገብ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው” አሉ ጋሼ ድንገት። “እሑድ እሑድ ይደውላሉ። ‘ሃይ ግራንድፓ’ ይለኛል፤ ‘ሃይ’ እለዋለሁ። ከዚያ እናቱ ስልኩን ትቀበለዋለች።”

“ጋሼ!” አለች ልጅቷ። “እሱ አማርኛ አጥቶ፣ እርስዎ እንግሊዝኛ አጥተው፣ ሁለታችሁም የሌላውን እያላችሁ ነው የምትራቡት?”

ይኼኛው ቀልድ አይደለም። ሄሎቶክና ታንደም የሚባሉት መተግበሪያዎች የቆሙት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው፤ አንተ ያንተን ታስተምራለህ፣ እሱ የሱን። ችግሩ አማርኛ የሚፈልግ ፈረንጅ ስትፈልግ መክረምህ ነው። አማርኛ የሚፈልገው ሰው ግን የኛው ደም ነው። ዋሽንግተን ከተማ የመንግሥት አገልግሎት በአማርኛም ይሰጥ ዘንድ የቋንቋ ሕግ ያወጣችው በ2004 እ.ኤ.አ. ነው። ከተማዋ ለወላጆቹ አማርኛ ስትጽፍ፣ እዚያ የተወለደው ልጅ ማንበቡ ቀርቶ አያቱን ሰላም ማለት ይቸግረዋል። አቃቂ እሑድ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እኩለ ቀን ገደማ ነው። ግማሽ ሰዓት በእንግሊዝኛ፣ ግማሽ ሰዓት በአማርኛ። ዋጋው ዳታው ነው፤ ኮሚሽን የለውም።

“ኮሚሽን የለውም?” አለ ደላላው። “እንግዲያው ይኼ ነገር አይሠራም።”

“ልጁ ያርመኛል ብለሽ ነው?” አሉ ጋሼ።

“እርስዎስ ያርሙታል?”

“እኔማ ‘አያቴ ሄደች’ ሲለኝ አርሜዋለሁ። ገና ወንድ ነኝ።”

ተረቡ ራሱ ስንት ያስከፍላል?

ሹፌሩ የመጨረሻውን ስኒ ገለበጠና ጠየቃት። “ይኼን ሁሉ ታውቂያለሽ። እኔ እንግሊዝኛ እፈልጋለሁ፤ ጅቡቲ ፈረንሳይኛም አረብኛም ሶማሊኛም አፋርኛም አለ፣ እኔ ግን አንዱንም አልያዝኩ። ሠፈር ውስጥ ቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለመቀጠር እንግሊዝኛ የሚያጠና ስንት ልጅ አለ። ለምን እዚሁ ተሰብስበን አናወራም? ዶላር ለምን ይወጣል?”

“አምና ሞከርኩ። እዚህ ቁጭ ብዬ ስልክ ሳነሳ በእንግሊዝኛ መለስኩ። ምን አላችሁኝ?”

ደላላው ሳል መጣበት።

“‘ንግሥት ኤልሳቤጥ፣ ቡናው በወተት ይሁን?’ አላችሁኝ። ‘ዘ’ን ስል ምላሴን ነክሼ ‘ደም ፈሰሳት!’ አላችሁ። እስከ ዛሬ ድረስ የሰፈሩ ሕፃን ሲያየኝ ‘ሄሎ ሚስ’ ይለኛል። ለእንግሊዝኛው ከሆነ ቢቢሲ በነፃ አለ። እኔ ዶላር የምከፍለው ስሳሳት የማትስቁበት ቦታ ለመግዛት ነው። ያ የ5 ዶላሩ አስተማሪ በሰዓት 750 ብር የሚጠይቀኝ ከናንተ በላይ አውቆ እንዳይመስላችሁ። አለመሳቁን ነው የሸጠልኝ።”

የዚህ ዓምድ ሥራ ተረብ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ክርክር ተከሳሽ ነው። መከላከያውን ያቅርብ ቢባል ግን ማስረጃው ሁሉ ወደ ልጅቷ ያደላል። ከላይ የተዘረዘሩትን ዋጋዎች ደግማችሁ እዩአቸው። ጉጉቱ አይስቅም። ማሽኑ አይስቅም። የካምብሊው ፈረንጅ በደቂቃ 17 ሳንቲም እየተከፈለው ፈገግ ይላል እንጂ አይስቅም። ሁሉም ገበያ ያወጡት አንድ ዓይነት ዕቃ ነው፤ ትዕግሥት። እኛ ያን ዕቃ በነፃ መስጠት ስንችል በውጭ ምንዛሪ እናስገባዋለን። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚማር አገር፣ ከክፍል ውጭ እንግሊዝኛ የተናገረውን ልጅ “ፈረንጅ ሆነብን” ብሎ ሲያባርረው፣ ልጁ አፉን ይዞ ወደ ዶላር ይሰደዳል።

ፍርዱ

እንግዲህ ሒሳቡን እንዝጋ።

የሚያስፈልግህ ቃል ከሆነ ጉጉቱን ያዝ፤ በነፃው፤ የቀኑ ድርሻህ ሲያልቅ ነገ ተመለስ። ጆሮህ ከሆነ የደከመው ቢቢሲ አለልህ፤ ሰሞኑን የሰማኸውን ግን ጮክ ብለህ ለራስህ ድገመው፣ አለዚያ የጋሼ ሬዲዮ ይሆንብሃል። አፍህ ከሆነ የታሰረው መጀመሪያ ማሽኑን በነፃው ገደብ ጨርሰው፤ እንዲያርምህ አዝዘው።

የመግቢያ ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ ቀን ከተቆረጠልህ ብቻ የሰው አስተማሪ ግዛ፤ ያውም ለመጨረሻዎቹ ሳምንታት። የዱኦሊንጎ የእንግሊዝኛ ፈተና 70 ዶላር ገደማ ነው፤ በኛ ስሌት 10,500 ብር። ያን ያህል ከፍሎ ሳይዘጋጅ ከመግባት፣ አስቀድሞ በ750 ብር አንድ ሰዓት መታረም ይረክሳል። አስተማሪ ስትመርጥ በሰዓት ስንት እንደሚጠይቅ አትጠይቀው። ከሰዓቱ ስንት ደቂቃ አንተ እንደምትናገር ጠይቀው፤ ዋጋውን ለዚያ አካፍለው። የቡድን ትምህርት ከመግባትህ በፊት የተማሪውን ብዛት ቁጠር። ካርድ የሚጠይቅ “ነፃ” ካጋጠመህ የሚሰረዝበትን ቀን ግድግዳ ላይ ጻፍ። ዘመድ ውጭ ያለህ ደግሞ ብር ላክልኝ ከማለትህ በፊት ልጅህን ላክልኝ በለው፤ በስልክ።

ሁለት ጓደኛ ያለህ ከሁሉም በላይ ሀብታም ነህ። ሦስት ሰው፣ ግማሽ ሰዓት፣ ለያንዳንዱ አሥር አሥር ደቂቃ። በሳምንት ሦስት ቀን ከሆነ በወር ሁለት ሰዓት አፍህን ከፈትክ፤ ያ የ5 ዶላሩ አስተማሪ በ3,000 ብር የሰጠህ መጠን ነው። አንዱ ይናገር፣ አንዱ ይጠይቅ፣ አንዱ ስህተቱን ይጻፍ፤ ከዚያ ቦታ ተለዋወጡ። የሚያከራክር ቃል ሲመጣ ማሽኑ ይፍረድ።

አንባቢ ሆይ፣ አንድ ልመና አለኝ። በሳምንት ለግማሽ ሰዓት ያህል ተረቡን አቁምልን። ጎረቤትህ “አይ ጎ የስተርዴይ” ሲል ጥርስህን ሸፍነህ “ዌንት” ብለህ አርመውና ቀጥል በለው። ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ እንደ ልብህ ተርበው፤ ግን በእንግሊዝኛ።